የበርሜል ፈረሶች

የዳንግላ ልጅ ሆኖ ፈረስ የሚፈራ አለ ወይ ቢባል፣ አለ፤ እኔ ነኝ። አትሳቁ። ከገበያ ሽንኩርት ይዞ የሚመለሰውም፣ ታሞ ጤና ጣቢያ የሚሄደውም ጋሪ ላይ የሚወጣበት ከተማ ተወልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ ጋሪ ሲመጣ መንገድ እቀይራለሁ። ልጅ ሳለሁ ከዳቦ ቤት ስወጣ አንድ የጋሪ ፈረስ ዳቦዬን ከነእጄ ሊጎርስ ሞከረ፤ እጄን ስሸሽግበት ትከሻዬን ነከሰኝ። ጠባሳው አለ። ባለጋሪው ደግሞ ፈረሱን መቆጣት ሲገባው እኔን "ምን አስጠጋህ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፈረስም ከባለጋሪም ተቆራርጠናል።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ ሄዶ ሄዶ የማንን ልጅ ቢወድ ጥሩ ነው? የፈረሰኛ ልጅ!

እጮኛዬ ዳንግላ አስተማሪ ነበረች። እኔ ቆሰበር፣ ያው እንጅባራ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገና በሩን የከፈተበት ሰሞን ነው፤ ከተማው በባጃጅና በተማሪ ተጨናንቆ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳንግላ እወርድና አብረን እንውላለን። ቤተሰቦቿ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ያሉ፣ ቤታቸው ውስጥ በአዊኛ የሚያወሩ ገበሬዎች ናቸው። አባቷ በአካባቢው የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው፤ ሰውየው በእግራቸው የሚሄዱት ከአልጋ እስከ በረት ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ተሰጥቶሃል" አሉኝ። እልል ልል ስል ትልቁ ሽማግሌ ጣታቸውን ቀሰሩ። "አንድ ነገር ግን ብለዋል። በመኪና ከመጣ እንደመጣ ይመለስ፤ ልጄን የሚወስዳት በፈረስ መጥቶ ነው ብለዋል። ፈረሱን ራሳቸው ይልኩልሃል።"

በእነሱ አገር ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር በፈረስ ነው የሚመጣው። መምጣት ብቻም አይደለም፤ ግቢው ከመግባቱ በፊት ሰው ሁሉ ወጥቶ እያየ ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይጋልባል። ይህን ስሰማ ሐሞቴ ፈሰሰ። ደግሞ "ፈረሱን ራሳቸው ይልኩልሃል" የሚለው ነገር! የከተማ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ፤ ከበረታቸው ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ተናካሽ መርጠው ሊልኩልኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እንደመጣ ይመለስ ያሉት ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ያሉትን የማያጥፉ መሆናቸውን ልጃቸው ራሷ ነግራኛለች።

"ምን አስጨነቀህ?" አለችኝ። "ትቀመጥበታለህ፣ ፈረሱ ሥራውን ያውቃል።"

"ጀርባዬን ያመኛል እኮ።"

"ሰርግህ ቀን አያምህም" አለችና ሳቀች። እፈራለሁ ማለት አቃተኝ። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ከፊታቸው አድርገው ኮርቻ ላይ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ እንዴት ብዬ ልንገራት?

የነገርኳቸው ለሁለቱ ሚዜዎቼ ነው። አንደኛው ሚዜዬ ቆሰበር ጌም ቤት ያለው፣ ምላሱ የማያርፍ፣ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ በስልክ ይፈታል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሁለተኛው ዳንግላ ብየዳ ቤት ያለው በያጅ ነው፤ መላጣ ነው፣ ወሬ አያበዛም፣ የሰርጋችንን የብረት አልጋም የሚሠራልን እሱ ነበር። ምስጢሬን ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። ለካ እነሱም እንደኔው ናቸው! ሚዜም እንደ ሙሽራው መጋለብ አለበት። በያጁ አንገቱን ደፍቶ "እኔ በቅሎም ፈርቼ አላውቅ፣ ፈረስ ግን..." ብሎ አልጨረሰውም።

ባለጌም ቤቱ ግን ጭብጨባ ጀመረ። "አገኘሁት!" አለ። "የቪአር መነጽር አለኝ እኮ!"

የቪአር መነጽር ማለት ስልክ ሆዱ ውስጥ የሚከተትበት፣ ዓይን ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ ነገር ነው። ሲያጠልቁት የተቀመጡበት ቤት ድራሹ ይጠፋና ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባሉ፤ ቀና ሲሉ ሰማይ፣ ዞር ሲሉ ሜዳ። እሱ ቤት ልጆች እየከፈሉ በዚያ ውስጥ ሲዋኙ፣ ሲዋጉ፣ ከፎቅ ሲዘሉ ይውላሉ። የፈረስ ግልቢያም አለው።

"አውሮፕላን የሚያበሩት ሳይቀሩ መጀመሪያ መሬት ላይ በእንዲህ ዓይነቱ ነው የሚለማመዱት" አለ። "ፈረስ ከአውሮፕላን ይበልጣል?"

"አውሮፕላን አይናከስም" አልኩት።

ማን ሰምቶኝ! በሳምንቱ በያጁ ሦስት በርሜል አጋድሞ፣ ከስራቸው ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ አስገብቶ፣ ከአሮጌ ወፍጮ በወጣ ሞተር ወደላይና ወደታች የሚያነጥር ነገር ሠራ። ኮርቻ ከገበያ ተዋስን። ሦስቱ በርሜሎች ጎን ለጎን የተቀመጡት ደግሞ አንድ የብረት ፍሬም ላይ ነው። ፍሬሙን ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ይሄ የኔ አልጋ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለ በያጁ። "ጥንካሬውም በዚያው ይፈተሻል።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረን፣ ሦስታችንም መነጽር አጥልቀን፣ ሞተሩን በቀስታ አስነስተን ወጣን። አረንጓዴ ሜዳ፣ ከፊት ተራራ፣ ከጎኔ ሁለት ፈረሰኞች፤ ባለጌም ቤቱ ስልኮቹን አገናኝቷቸው ስለነበር እርስ በርሳችን እንተያያለን። መነጽሩ ውስጥ በያጁ ጸጉር ነበረው። ስንጋልብ፣ ስንጋልብ፣ ጫፍ ላይ አንድ ገደል አለ፤ ልጓም ስብ ሲያደርጉት ፈረሱ ይዘለዋል፣ ማዶ ሲደርሱ ጨዋታው ያልቃል። ሦስታችንም ዘለልን። እኔ፣ ፈሪው፣ ዘለልኩ! ከብየዳ ቤቱ ስወጣ እግሬን አንፈራጥጬ እንደ አገር ፈረሰኛ ስራመድ በጋሪ የሚያልፉ አንዲት እናት "አይዞህ፣ ኪንታሮት መድኃኒት አለው" አሉኝ።

ጥጋቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርጉ ጥር ነው፤ ከሰርጉ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ "ዛሬ በእውነተኛው ፍጥነት" አልኩ፤ አፌን ይቁረጠው። ባለጌም ቤቱም ባሰበት። ፍጥነት ሲጨምር መነጽሩ እንዳይወድቅ ብሎ በሰፊ ፕላስተር ጭንቅላታችን ላይ ዙሪያውን አጣበቀው። እንዳንወድቅ ደግሞ ወገባችንን በጭነት ማሰሪያ ገመድ ከኋላችን ካለው ብረት ጋር ቋጠረን። ቋጠሮው ከኋላ ነው፤ ማንም ራሱን መፍታት እንደማይችል ያኔ ያሰበ አልነበረም። የባለጌም ቤቱን በያጁ ቋጠረለት፤ በያጁ ራሱ ከመኪና የወጣ ቀበቶ አጥልቆ ተቀመጠ። የሞተሩ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ባለጌም ቤቱ እጅ ላይ ነው፣ በረጅም ሽቦ።

"ተነሥ!" አለ።

ወፍጮው የሚፈጨው ገብስ መስሎት ነው መሰል፣ ያ ሞተር እንደዚያ ቀን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። በርሜሉ ከስሬ ተስፈንጥሮ ተመለሰ። ጥርሴ ከጥርሴ ተፋጨ። በዚያው ቅጽበት ከጎኔ "ወይኔ!" የሚል ሰማሁ።

"ምን ሆንክ?"

"ማጥፊያው! ማጥፊያው ከእጄ ወደቀ!"

አያችሁ ጉዳችንን። ሦስታችንም ታስረናል፣ ዓይናችን ተለጥፏል፣ ማጥፊያው መሬት ላይ ነው። መነጽሩን ልላጥ ብል በሁለት እጅ ነው የሚላጠው፤ አንዱን እጄን ከመያዣው ሳነሳ በርሜሉ አንገቴን ሊቀጨው ደረሰ። መነጽሩ ውስጥ ያለው ዓለም ደግሞ ለብቻው አበደ። ስልኮቹ ስለጋሉ ይሁን ስለተናወጡ እንጃ፣ ምስሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ እዚያው ተቀረቀረ። ፈረሱ ይነሳል፣ ገደሉ ይታየኛል፣ ልጓም እስባለሁ፣ ተመልሶ አፋፉ ላይ ነኝ። ደግሞ ይነሳል፣ ገደሉ፣ ተመለስ። ማዶ የሚባል ነገር ጠፋ።

"ዘሎ አያልቅም እንዴ ይሄ?" ብዬ ጮህኩ።

"ሃንግ አድርጓል!"

"እና አጥፋዋ!"

"በምን እጄ!"

በዚህ መሃል የበያጁ መላጣ አዳነችን፣ ወይም ለጊዜው ያዳነችን መሰለን። ላብ ሲያጠምቀው ፕላስተሩ ከራሱ ላይ ሙልጭ ብሎ መነጽሩ ወደቀለት። ከሦስታችን እውነተኛውን ዓለም የሚያየው እሱ ብቻ ሆነ፤ ቀበቶው ግን በንዝረቱ ተነክሶ አልፈታለት አለ። ሲያይ ግን ያ ወሬ የማያበዛው ሰውዬ "እግዚኦ! እግዚኦ! እመብርሃን!" ማለት ጀመረ።

"ምን አየህ?" አልኩት።

"አልጋው እየሄደ ነው!"

"የት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ሲሊንደሩ!"

እሱ ብየዳ የሚበይድበት የኦክስጅን ሲሊንደር ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አልጋው ከወለሉ ጋር የታሰረበት ብሎን ተነቅሎ፣ በሞተሩ ንዝረት ስንዝር በስንዝር እየዘለለ ወደዚያ ይሄዳል። የሲሊንደሩ አንገት ቢሰበር ምን እንደሚሆን በያጁ ከነድምፁ ሊያስረዳን ሞከረ፤ "በቃ አትንገረን!" አልነው። ከፊቴ ገደል፣ ከጎኔ ሲሊንደር፣ የቱን እንደምፈራ ግራ ገባኝ። የሚገርመው ይሄን ሁሉ እያወቅኩ፣ ገደሉ በመጣ ቁጥር ልጓም እስብ ነበር።

መቼም የኛን አገር መብራት ታውቁታላችሁ። ሊጥ ሲቦካ ይጠፋል፣ ኳስ ሊጀመር ሲል ይጠፋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜማ ጨርሶ አይታመንም። የዚያን ዕለት ግን ድርግም እንኳ አላለም። ስንት ዘመን ስንረግመው የኖርነውን የመብራት መጥፋት ሦስት ጎልማሶች አፍ አውጥተን ለመንን። ባለጌም ቤቱ "ጌታዬ፣ ዛሬ ብቻ አጥፋልን፣ ሁለተኛ አላማርርም" ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔም ተሳልኩ። ምን እንደተሳልኩ አልናገርም፤ ገና አላደረስኩም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው በሩ የተንኳኳው።

"ቤቶች!" የሚል የሴት ድምፅ። የእጮኛዬ ድምፅ ነው። ከዚያ "አባዬ አልጋውን ሊያይ መጥቷል!"

ሞቼ ባረፍኩ! አባትዬው ለቅዳሜ ገበያ ወጥተው፣ ልጃቸው የምትተኛበትን አልጋ አሳዪኝ ብለዋት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው እንዲመጣ ፈልጌ፣ ደግሞ እንዳይመጣ የተመኘሁበት ጊዜ የለም። ይሄን ጉድ ካዩ ልጃቸውን እንደማይሰጡኝ ታውቆኛል። ሲሊንደሩ ከሚፈነዳና እሷን ከማጣ የቱ ይሻላል ብዬ ለማሰብ ግን በያጁ ጊዜ አልሰጠኝም። "በሩን ስበሩት!" ብሎ ጮኸ።

የላሜራው በር ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት ሰማሁ፤ በኋላ እንደሰማሁት የገፉት አባትዬው ናቸው። ከዚያ እሷ "በስመ አብ!" አለች። ሩጫ ተሰማኝ። ድንገት ሞተሩ አቃስቶ፣ አቃስቶ ዝም አለ። ሶኬቱን ከግድግዳው የነቀለችው እሷ ናት። አልጋው ከሲሊንደሩ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር።

እኔ ግን ቆሞም አላመንኩም። መነጽሩ ውስጥ ያለው ፈረስ አልቆመማ! "ያዙኝ፣ ገደል ነው!" እያልኩ የሆነ ሰው ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ፕላስተሩን ከነጸጉሬ ስትልጥልኝ ሳይ፣ የያዝኩት የአማቴን ክንድ ነው።

አማቴ በርሜሎቹን አዩ። ኮርቻዎቹን አዩ። እኛን ከነገመዳችን አዩ። ከዚያ መነጽሬን ከእጇ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። እኒያ የታፈሩ ፈረሰኛ "ኧረ በሥላሴ!" ብለው ወደኋላ ተስፈንጥረው ግድግዳውን ተደገፉ። እጮኛዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት አፏን በነጠላዋ አፈነች። እሳቸው መነጽሩን አውርደው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ወደኔ መጡ።

"ፈረስ ትፈራለህ?"

ወደ እሷ አየሁ። ሳቋ ጠፍቷል፤ እሷም መልሴን እየጠበቀች ነው።

"እፈራለሁ፣ አባቴ። በጣም እፈራለሁ።"

"ምነው ታዲያ ለሽማግሌዎቹ አልተናገርክ?"

"ልጅዎን ይከለክሉኛል ብዬ ነዋ።" ሰርጉም፣ አልጋውም፣ ሁሉም ያበቃለት ስለመሰለኝ እንባዬ መጣ፤ ያፈርኩበትም አልነበረም። "ፈረሱን ለፈተና የሚልኩልኝ መስሎኝ ነበር።"

አማቴ የአልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጡ። ለልጃቸው በአዊኛ የሆነ ነገር አሏት፤ እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በአማርኛ ለኔ ነገሩኝ። ትልቋን ልጃቸውን ከእሷ በፊት በመኪና ድረዋታል፣ ሩቅ ከተማ። አበባ የለበሰ መኪና መጥቶ፣ አገር አጨብጭቦ ሄደች። በኋላ ባልዬው አስከፋት። ገንዘቡ በእሱ እጅ፣ ስልኩ በእሱ እጅ። ወላጆቿ ቤት ተመልሳ የደረሰችው በክረምት፣ በእግሯ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ነው።

"በር ላይ ሳያት አላወቅኋትም" አሉ። "አንተን ልፈትን አይደለም ፈረስ ያልኩት። ፈረሱ የእሷ ነው፤ እኔ ዘንድ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ደጄን ያውቀዋል። አንተ ቤት ያድራል። የከፋት ቀን ማንንም ሳትለምን ትመጣበታለች። ይሄው ነው።"

ኩም አልኩ። እኔ ስለ ራሴ ውርደት ስጨነቅ ሰውየው ለካ ልጃቸውን የሚመልስ መንገድ እያበጁላት ነበር። ወገቤ ገና እንደታሰረ ነው፣ ተነሥቼ ጉልበታቸውን እንኳ መሳም አልቻልኩም።

"በሜዳው አትጋልብ እሺ" አሉ ሲነሱ። "ፈረሱ ብቻ ይምጣ። አንተ እንደቻልክ ና።" ከዚያ በያጁን ዞር ብለው አዩት። "አልጋውን ግን እንደገና ሥራው።"

በሰርጉ ቀን ፈረሱን እየመራሁ በእግሬ ሄድኩ። ዳማ ነው፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ... ጥርሱን ባላነሳው ይሻላል። ልጓሙን ክንዴ እስኪዝል ዘርግቼ፣ በተቻለ መጠን ከአፉ ርቄ ነው የያዝኩት። ሚዜዎቼ ከኋላዬ በጋሪ ተከተሉኝ፤ ባለጌም ቤቱ ጋሪው ላይ ቆሞ የሚፎክር ፈረሰኛ ለመምሰል ሲሞክር ሁለት ጊዜ ተደፋ። ሜዳው ላይ የወጣው ሰው ሁሉ እየሳቀ እልል አለ። ኮረዶቹ "ሙሽራው ፈረሱን አዝሎ ሊገባ ነው" ብለው ዘፈኑብኝ፤ እጮኛዬ፣ ማለቴ ሚስቴ፣ ያንን ዘፈን እስከ ዛሬ ወጥ ስታማስል ታንጎራጉረዋለች።

ስንወጣ አባቷ እርካቡን ይዘው ፈረሱ ላይ አወጧት። እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳርፈው በአዊኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሯት። ምርቃት መስሎኝ "አሜን" አልኩ። መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ስንሻገር ምን እንዳሏት ጠየቅኋት።

"‘መንገዱ ጠፋኝ ብለሽ እንዳትፈሪ፤ ልጓሙን ልቀቂለት፣ እሱ ያመጣሻል’ ነው ያለኝ" አለችኝና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ያ ፈረስ አሁን ቤታችን ጓሮ አለ። በየጠዋቱ ገብሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲሰጠው አልፈቅድም። እስከ ዛሬ ሳህኑን ክንዴን ዘርግቼ ነው የማቀርብለት፣ እሱም አንዳንዴ እጅጌዬን ይጎትተኛል፣ እኔም እሰድበዋለሁ። ግን አጠግበዋለሁ። አንድ ቀን ከፍቷት ወደ አባቷ ልሂድ ብትል፣ መንገድ ላይ እንዳይደክምባት።